ሮቤ ላይ የሚተርፉ ሰዓታት

የባሌዋ ሮቤ እንግዳ አጥታ አታውቅም። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ፈታኞችን ይጠራል፤ የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎችን ያስተናግዳል፤ መሥሪያ ቤቶችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ስልጠናና ስብሰባ ያዘጋጃሉ። ከእነዚህ እንግዶች ብዙዎቹ በአውሮፕላን ይመጣሉ፤ ሥራቸውን ሲጨርሱም የመልስ በረራቸው እስኪደርስ ግማሽ ቀን ይተርፋቸዋል። ደመናው ዝቅ ብሎ በረራ ሲዘገይ ትርፉ ሰዓት ይረዝማል። ታዲያ አብዛኛው ሰው ያንን ጊዜ የሚያሳልፈው ሆቴል በረንዳ ላይ ስልኩን እየነካካ ነው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው፦ «ትንሽ ከተማ ናት፤ ምን የሚታይ አለ?»

ይህን አባባል አጥብቄ እቃወማለሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው በሮቤና በጎባ መካከል ነው። በምዕራብ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄዱ ዲንሾ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። በደቡብ በኩል ከጎባ በላይ የሳነቴ አምባ አለ። ይህ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከአዲስ አበባ በመኪና ለሚመጣ ሰው መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በአውሮፕላን የመጣው እንግዳ ግን ዋናውን ድካም አልፎታል። የቀረችውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ መመለሱ ነው የሚያስቆጨኝ።

ብዙ የዱር እንስሳትን ለማየት ጎህ ሳይቀድ መነሣት ወይም ማምሸት ግድ ነው። ሳነቴ ላይ ግን እኩለ ቀንም ሰዓቱ ነው። ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች የሚቀዘቅዝበት ቦታ ስለሆነ አይጦችና በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፍ ፍልፈል ከጉድጓዳቸው የሚወጡት ፀሐይ ሲሞቅ ነው። እነሱን የሚመገበው ቀይ ቀበሮም በቀን ያድናል። ቤተሰቡ በቡድን ቢኖርም ለአደን የሚወጣው ብቻውን ነው፤ ጆሮውን አቁሞ፣ ሆዱን ለመሬት አስጠግቶ ሲያደባ ከመኪና ሳይወርዱ ማየት ይቻላል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት ባሌ ነው። ከዚህ እንስሳ አንድ ሰዓት ተኩል ርቀት ላይ ተቀምጦ «የሚታይ የለም» ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

ምርጫው እንደ ሰዓቱ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ብቻ ያለው ሰው በሚኒባስ ጎባ ደርሶ ይመለስ። ጎባ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ገበያ ከዋለ ከገጠር በፈረስ የመጣውን ሕዝብ፣ የሐረናን ማርና የጫካ ቡና ያገኛል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው የስንዴና የገብስ ማሳም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ የሲናና ገበሬ በብዙ ቦታ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ ሰብሉንም በኮምባይነር ያጭዳል።

አራት ወይም አምስት ሰዓት ያለው ዲንሾን ይምረጥ። በገይሳይ ሜዳ ላይ ደጋ አጋዘን ከመኪና መንገዱ ሳይርቅ ሲግጥ ይታያል። ይህ እንስሳ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት የኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በየትም ዓለም የለም። በዋናው መሥሪያ ቤት ዙሪያ ባለው የጽድና የኮሶ ደን ውስጥ ከአስጎብኚ ጋር በእግር መሄድ ይቻላል፤ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮም እዚያው አሉ።

ስድስትና ሰባት ሰዓት ያለው ሰው ኮንትራት መኪና ይዞ ሳነቴ ይውጣ። ከጎባ ሽቅብ ሲወጣ ደኑ እያነሰ ይሄድና በአስታ ይተካል፤ ከዚያ ዛፍ የሚባል ይጠፋና ጅብራ በየቦታው የቆመበት ሰፊ ሜዳ ይከፈታል። እዚያ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ከዚህ አካባቢ የሚነሣው ውሃ በወይብና በገናሌ ወርዶ የሶማሌ ክልልን ቆላ አልፎ ሶማሊያ ድረስ ይደርሳል። ሶፍ ዑመር ዋሻ ግን ከሮቤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ሙሉ ቀን ሲገኝ እንጂ በትርፍ ሰዓት የሚሞከር አይደለም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛው ስለ ከፍታው ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሳነቴ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ራስ ሊያም፣ ትንፋሽ ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ወፍራም ጃኬትና በቂ ውሃ ይያዙ፣ አይሩጡ፤ ሕመሙ ከበረታ ቶሎ ይውረዱ። ሁለተኛው ስለ ፍጥነት ነው። አውሮፕላን እንዳያመልጠው የሚሮጥ መኪና ለቀይ ቀበሮ አደጋ ነው፤ በሳነቴ መንገድ ላይ በመኪና ተገጭተው የሞቱ አሉ። የመመለሻ ሰዓትዎን አስቀድመው ወስነው፣ ሁለት ሰዓት ያህል መጠባበቂያ ይዘው ይውረዱ። ለቀበሮዎቹ ምግብ አይጣሉ፤ ላስቲክም ጥለው አይምጡ።

ኃላፊነቱ የእንግዳው ብቻ አይደለም። የሲንጋፖር ቻንጊ አውሮፕላን ማረፊያ ረዥም የጥበቃ ሰዓት ላላቸው መንገደኞች ከተማዋን በነጻ ያስጎበኛል። የቱርክ አየር መንገድም በኢስታንቡል እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱም መንገደኛው የሚጠብቅበት ሰዓት ገበያ መሆኑን ተረድተዋል። የሮቤና የጎባ አስተዳደሮች፣ ፓርኩና ሆቴሎቹ ተነጋግረው ዋጋው በግልጽ የተጻፈ የግማሽ ቀን ጉብኝት ቢያዘጋጁ፣ ይህንንም ማረፊያው በር ላይና በየሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ቢለጥፉ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጥቅሙ ለአስጎብኚው፣ ለሾፌሩ፣ ለማርና ለቡና ነጋዴው ይደርሳል። ከፓርኩ ገቢ የሚያገኝ ወጣትም ፓርኩን ለመጠበቅ ምክንያት ይኖረዋል።

ስልጠና የምታዘጋጁ ድርጅቶችም በፕሮግራማችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ዲንሾን ወይም ሳነቴን አስገቡ። እርስዎም ውድ አንባቢ፣ ሥራ ወደ ባሌ ሲወስድዎ ሻንጣዎን ሆቴሉ ውስጥ በአደራ አስቀምጠው ይውጡ። የበረራ ሰዓትዎን ያረጋግጡ፣ አስጎብኚ ይያዙ፣ ተገቢውን ክፍያ ይክፈሉ። ያ ግማሽ ቀን ለእርስዎ ዕውቀት፣ ለሮቤና ለጎባ ሰው ደግሞ እንጀራ ነው።