ሦስተኛው ወረቀት የት አለ?

እስቲ እንጠያየቅ፤ በፌዴሬሽን ምክር ቤት የእናንተ ተወካይ ማን ነው? አትፈሩ፣ እኛም አናውቀውም። ጋዜጠኝነት ተምረን ጋዋን ለብሰን የተመረቅን ሰዎች አናውቀውም! ያሳፍራል፤ ግን አይገርምም። መቼ መርጠነው እናውቃለንና?

አሊዩ አምባን እንውሰድ። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወርዱ የምትገኝ፣ የድሮ ሲራራ ነጋዴ የሚያውቃት ከተማ ናት፤ አማራውም አርጎባውም አብሮ ኖሮባታል። የምርጫ ቀን ለነዋሪዋ የሚደርሰው ወረቀት ሁለት ነው፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። ሦስተኛ የለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን አባል ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ምክር ቤት ይመርጥለታል።

«ሕጉ ነው» የሚሉን አሉ። አይደለም! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 ንዑስ አንቀጽ 3 ለክልል ምክር ቤቶች ሁለት መንገድ ሰጥቷል፤ ወይ ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ወይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ያደርጋሉ። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ የምናውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«ምን ለውጥ ያመጣል?» ትሉ ይሆናል። ይህ ምክር ቤት ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፤ የፌዴራል ድጎማ ለክልሎች እንዴት እንደሚከፋፈል ይወስናል። በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም፣ ሥልጣን ላይ ያሉት ምክር ቤቶች እንዲቆዩ ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የወሰነውም እሱ ነው፤ በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ። ምርጫ ይቆይ ያሉን፣ ለዚያ ወንበር እኛ ያልመረጥናቸው ሰዎች ነበሩ። ከዚህ በላይ ምን ምፀት አለ?

ከባድ ጥያቄ እንዳለ አንክድም። በዚያ ምክር ቤት የሚወከለው ብሔር ብሔረሰብ ነው፤ አርጎባ ደግሞ በአማራም በአፋርም ይኖራል። ድምፅ ሰጪው በየት በኩል ይቆጠር? ግን ይህ ጥያቄ የክልል ምክር ቤት ሲመርጥም አለ፤ ልዩነቱ ያኔ በዝግ በር መመለሱ ነው። የአሜሪካ ሴናተሮችም በየስቴቱ ምክር ቤት ይመረጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1913 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሕዝቡ ተረከበው። እኛ ማሻሻያ እንኳ አያስፈልገንም፤ የክልል ምክር ቤት ፈቃድ ይበቃል።

ስለዚህ የክልል ምክር ቤት ዕጩ ድምፃችሁን ሊለምን ደጃችሁ ሲመጣ፣ ስለ መንገዱና ስለ ውኃው ከጠየቃችሁት በኋላ አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፦ ሦስተኛውን ወረቀት ትሰጠናለህ ወይስ አንተው ትመርጥልናለህ?