«የሥራ ባህል የላቸውም» የሚሉን

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ ሠራተኛ እየለቀቀ ሲያስቸግር አንድ ማብራሪያ በአስተዳዳሪውም በባለሥልጣኑም አፍ ተለመደ፦ ልጆቹ ከገጠር የመጡ ናቸው፣ የኢንዱስትሪ የሥራ ባህል የላቸውም።

ይህ አባባል ስህተት ነው፤ በደልም ነው። የአሠሪውን ጥፋት የፓርኩ አብዛኞቹ ሠራተኞች በሆኑት ወጣት ሴቶች ጫንቃ ላይ ይጭናል።

የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት መሠረት የፓርኩ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። የልብስ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየዓመቱ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ በአዲስ ይተኩ ነበር። በዚያ ደመወዝ ቤት ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር ስላልነበረ ሠራተኞቹ አንዲት ክፍል ለብዙ ይጋሩ ነበር። ከውጭ የመጡት ብዙዎቹ ኃላፊዎች ደግሞ የሠራተኛዋን ቋንቋ አይሰሙም ነበር። ተቆጣጣሪ የጮኸባት ልጅ አቤቱታዋን ለማን ታሰማ? የቀራት መልስ ጥሎ መውጣት ነበር።

እርግጥ ነው፣ በሰዓት ገብቶ በሰዓት መውጣት ልምድ ይጠይቃል። ግን የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አመልካቾችን ተከታትለው ያገኙት ሌላ ነው። ሥራ ከተሰጣቸው ሲሦ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀቁ። የፋብሪካው ገቢ ከጉልትና ከቀን ሥራው አልበለጠም፤ በጤና ላይ የሚደርሰው ከባድ ጉዳት ግን ጨመረ። ይህን አመዛዝኖ የሄደ ሰው ሥራ አላወቀም አይባልም።

አሜሪካዊው የመኪና አምራች ሄንሪ ፎርድም እ.ኤ.አ. በ1913 ዲትሮይት ውስጥ 14 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ለመያዝ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ቀጥሯል። በጥር 1914 የሥራ ቀኑን ከ9 ወደ 8 ሰዓት አሳጠረ፣ የቀን ክፍያውን ወደ 5 ዶላር ከፍ አደረገ፤ የሚለቀው ሰው ቁጥር ወዲያው አሽቆለቆለ። (ኩባንያው ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ቤት ድረስ ሰው እየላከ ኑሮውን መመርመሩ ሌላ በደል ነው።) የዲትሮይት ሰው ባህል በአንድ ዓመት አልተቀየረም። የተቀየረው ፋብሪካው ነው።

በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ የሠራተኛ ማኅበራትም ይህንኑ ሲጠይቁ ኖረዋል። ደመወዙ መቅደም አለበት። የተቆጣጣሪን ጩኸት ግን ቦርድ አያስቆምም፤ ያ የፋብሪካው የራሱ ድርሻ ነው። የለቀቀችውን ልጅ በቋንቋዋ ለምን እንደለቀቀች ይጠይቅ፣ መልሷን በምርት መስመር ለይቶ ይመዝግብ፣ ተቆጣጣሪውንም ባወጣው ሸሚዝ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከሥሩ በቆዩት ሠራተኞች ቁጥር ይመዝን።