ሚንበሩን ለባለቤቱ

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ስታዲየም ከናይጄሪያ ጋር በሚጫወትበት ዕለት፣ ቦሌ ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤት ፈንጂ ፈንድቶ ሁለት ሶማሊያውያን ሞቱ። ዕቅዳቸው ኳስ ሊያይ የወጣውን ሕዝብ መፍጀት እንደነበር መንግሥት አስታወቀ። ያን ሰሞን በየቤቱ የሚወራው ስለ ፍተሻና ስለ ተከራይ ማንነት ነበር። ሰውን እዚያ የሚያደርሰውን ትምህርት ማን ይመልሰው ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

መላሾቹ ዑለማዎች ናቸው፤ ሥራቸውም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ኸዋሪጆች ከአራተኛው ኸሊፋ ከዓሊ ተለይተው የማይስማማቸውን ሙስሊም ሁሉ ካፊር ሲሉ፣ የነቢዩ የአጎት ልጅ ዓብደላህ ኢብኑ ዓባስ ሰፈራቸው ድረስ ሄዶ በማስረጃ ተከራከራቸው። በሺዎች የሚቆጠሩት ተመለሱ። ዓሊን የገደለው ካልተመለሱት ወገን ነው። የኸዋሪጆች ስም እኛም ዘንድ ደርሷል፤ በ2003 ዓ.ም. ጅማ ዞን አሰንዳቦ አካባቢ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ መንግሥት ተጠያቂ ያደረገው «ኸዋሪጃ» የተባለውን ቡድን ነበር።

በቅርቡ እዚህ ሳሊተ ምሕረት ከጁምዓ ሰላት በኋላ ወጣቶች አንድ ስልክ ከበው ቆመዋል። በስልኩ ውስጥ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እነ እገሌ ከእስልምና ወጥተዋል ይላል። ሲያልፉ የሰሙት ሸኽ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ይሄ ሰው ማን ጋ ነው የቀራው?» አሉ። ልጁ አላወቀም። ሸኹ አልተቆጡም፤ አጠገቡ ቆመው ሰውን ካፊር ለማለት ስንት ሸርጥ እንዳለ ያስረዱት ጀመር።

የሸኹ ጥያቄ ከባድ ነው። ወሎ ውስጥ እነ ዳና፣ እነ ጫሌ፣ እነ ገታ ያፈሯቸው ዓሊሞች ደረሳ ሆነው፣ ርቦአቸው፣ ከሸኻቸው ፊት ኪታብ ዘርግተው ፊቅሁንም ነህውንም ሲቀሩ ዓመታት የፈጁ ናቸው። እንዲህ የቀራ ሰው በማያውቀው ነገር «አላሁ አዕለም» ማለት አያሳፍረውም። የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ሰባኪ ይህን ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ነገር ግን ዕውቀት ብቻውን አይበቃም፤ ጀመዓው ሊያምነው ይገባል። ይህን እምነት ያቆሰለው መንግሥት ነው። ከሐምሌ 2003 ዓ.ም. ጀምሮ አክራሪነትን እከላከላለሁ ብሎ «አሕባሽ» የተባለውን አስተምህሮ የሚያስተምሩ አሠልጣኞችን ከሊባኖስ አስመጣ። አወሊያ ትምህርት ቤት ተቃውሞ ተነሣ፣ «ድምፃችን ይሰማ» ተባለ። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጅሊሱ (የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት) ምርጫ በመስጂድ ሳይሆን በቀበሌ ተካሄደ።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ክርስቲያን ወንድሞቻችንን ሲያርድ የሚያሳየው ቪዲዮ ወጣ። መጅሊሱ አወገዘ፤ ትክክል ነበር። ነገር ግን ብዙ ወጣት መጅሊሱን የሚያየው እንደ መንግሥት አፍ ነበር፤ የሚያዳምጣቸው የ«ድምፃችን ይሰማ» ኡስታዞች ደግሞ እስር ቤት ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ በሽብር ወንጀል እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ወጣቱ የሚሰማው ሰው በሚያስፈልግበት ሰዓት ሚንበሩን ባዶ ማድረግ የሚሉት ይህን ነው።

ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ሙፍቲ ሐጂ ዑመር እድሪስ የሚመሩት የሽግግር አመራር ሲቋቋም፣ በኋላም አዋጅ ቁጥር 1207/2012 ለመጅሊሱ ሕጋዊ ሰውነት ሲሰጥ፣ ያን እምነት ለመመለስ በሩ ተከፍቷል። አሁን የሚቀረው በየሰፈሩ የሚሠራው ነው። መንግሥት ኹጥባ ለመጻፍም ኢማም ለመሾምም እጁን አይስደድ። የመስጂድ ኮሚቴዎቻችን ደግሞ ኢማሙን በምጽዋት ከማኖር ይልቅ ደመወዝ ይቁረጡለት፤ በሳምንት አንድ ምሽት ወጣቶች ስለ ጂሃድም ስለ ተክፊርም (ሰውን ካፊር ስለ ማለት) ሳይፈሩ የሚጠይቁበት ጉባኤ ይክፈቱ። ከመጪው ረመዳን በፊት ይጀመር።