ብርሃኑ ሴቲቱን ከቤቷ አያመጣትም
ኦፕቲካል ስፔክትሮስኮፒ በማኅፀን በር ላይ ብርሃን አብርቶ ሕዋሳቱ የሚመልሱትን በመለካት፣ ሥጋ ሳይቆረጥ የቅድመ ካንሰር ለውጥን ለመለየት ይረዳል። ተስፋው እውነት ነው፤ የበጀት ቅደም ተከተልን ግን ሊያዛባ አይገባም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 ሉማ የተባለውን መሣሪያ ያጸደቀው ለኮልፖስኮፒ አጋዥነት እንጂ ለመጀመሪያ ደረጃ ምርመራ አልነበረም። የሚጠቅመውም ቀድሞ ክሊኒክ ለደረሰች ሴት ነው።

በኮሎምበስ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት፣ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ መኖር መመርመር ማለት አይደለም። መድን የሌላት፣ ቋንቋ የገደባት ወይም እፍረት የያዛት ኢትዮጵያዊት ከደጁ ልትቀር ትችላለች። ሴቶች በጤና ተቋም ውስጥ ናሙናውን ራሳቸው የሚወስዱበት የኤችፒቪ ምርመራ ግን እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ተፈቅዷል።

ስለዚህ የኦሃዮ ሕግ አውጪዎች ለብርሃን መሣሪያዎች የሕዝብ ገንዘብ ሲመድቡ ሦስት ግዴታዎችን ያስቀድሙ፦ በራስ የሚወሰድ ናሙና፣ የአማርኛ አስተርጓሚ እና እስከ ሕክምና የሚዘልቅ ክትትል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2030 ከ70 በመቶ ምርመራ ጎን 90 በመቶ ሕክምናን ግብ ያደረገው በከንቱ አይደለም። ታይቶ ያልታከመ በሽታ ካልታየው አይሻልም።