ለመዋጮ ሙሉ፣ ለገበታ ግማሽ!

ከአምቦ ወደ ወሊሶ የሚወስደውን ዳገት ተያይዞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ወንጪ አፋፍ ላይ ይደርሳል። ከታች ሐይቁ፣ ከሐይቁ መሐል ደሴቲቱና የቂርቆስ ገዳም፣ ዙሪያውን እንሰትና ገብስ። እኔም እንደ ማንኛውም ጎብኚ ሐይቁን ለማየት ነበር የወጣሁት። ዓይኔን ይዞ ያስቀረው ግን ሌላ ነገር ነው።

አፋፉ ላይ አንዲት ሴት የተቀቀለ ድንችና እንቁላል ዘርግታ ተቀምጣለች። አንዱን ልጅ አዝላለች፤ ሌላው ቀሚሷን ይዞ ቆሟል። ትልቋ የ9 ዓመት ልጅ ናት። «ትምህርት ቤት ሄደች?» አልኳት። «ቤት ናት። ላሟን ማን ይጠብቃት?» አለችኝ። በኦሮምኛ ያጫወተችኝን ነው በአማርኛ የምነግራችሁ።

«አባታቸውስ?»

«ሄደ።»

በቃ፣ መልሷ ይኸው ነው። መጀመሪያ ለቀን ሥራ ብሎ አዲስ አበባ ወረደ፣ ለሁለት ክረምት ትንሽ ትንሽ ላከ፣ በሦስተኛው ሌላ ጎጆ ቀለሰ።

«መሬት የለሽም እንዴ?» ብላት ሳቀች። መሬትስ አላት፤ የይዞታ ደብተርም አላት። በሬ የሚጠምድላት ግን የለም። ሕጉ መሬቱን ሰጣት፣ ልማዱ ሞፈሩን ከለከላት። ስለዚህ ማሳዋን ለእኩል ትሰጣለች። አራሹ ግማሹን ጭኖ ይሄዳል፣ እሷ በቀረው ግማሽ አራት አፍ ታሳድራለች። እህሉ ክረምት ሳይገባ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው እንሰት ፍቆ፣ እንጨት ለቅሞ፣ አፋፍ ላይ ድንች ሸጦ መኖር ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ብቻዋን የምታሳድግ እናት ለምን ደኸየች ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸውላችሁ። ሰንፋ አይደለም። ሁለት ሰው የሚሸከመውን አንድ ሰው ስለተሸከመችው ነው። እጇ ግማሽ፣ እህሏ ግማሽ። መንግሥታችን ግን እሷን የሚቆጥርበት ሒሳብ ሌላ ነው፦ ሲሰበስብ እንደ ሙሉ ቤተሰብ፣ ሲሰጥ እንደ ግማሽ።

የጤና መድኑን ተመልከቱ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በእውነቱ መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን መዋጮው የሚታሰበው በቤተሰብ ነው። ሁለት ጎልማሳ የሚያርሱበት ቤትና አንዲት እናት ብቻዋን የምትፍጨረጨርበት ቤት ሁለቱም «አንድ ቤተሰብ» ናቸው። በነፃ የሚታከሙት «የደሃ ደሃ» ተብለው በቀበሌ የተለዩት ናቸው። ይቺ ሴት ግን ደብተር አላት፣ ጤናም አላት። «ምን ጎደለሽ?» ይሏታል። የጎደላት አንድ ሰው ነው፤ ለእሱ ደግሞ በቅጹ ላይ ቦታ የለም።

ወደ ሴፍቲኔቱ እንሂድ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠሩ ሴፍቲኔት የገባው ከዓመት ዓመት እርዳታ ሲሰፈርላቸው በኖሩ ወረዳዎች ነው። በለምለም አገር የሚኖር ደሃ በእንዲህ ዓይነቱ ወንፊት ሾልኮ ይወድቃል። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመርም በ11 ከተሞች ነበር። ከኦሮሚያ የደረሰው ለአዳማ እንጂ ለአምቦ አልነበረም። ሌሎች ከተሞች የተጨመሩት ከዓመታት በኋላ ነው።

አምቦን ካነሳሁ አይቀር አንድ እውነት ልናገር። በዚያ አካባቢ አባት ሁሉ «ሄደ» ብቻ አይባልም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰበብ በጥይት የወደቀ አለ። በ2008ቱ ተቃውሞ የሞተም፣ የታሰረም አለ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም በመንግሥት ጦርና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል ያለው ውጊያ ምዕራብ ሸዋን ሲያደማ ኖሯል። ስለ ሟቹ ሁሉም ወገን ይናገራል፣ ሁሉም ወገን በስሙ ይምላል። በማግሥቱ ቡና ጉሊት ይዛ ገበያ ስለምትወጣው ሚስቱ ግን የትኛውም ወገን ትንፍሽ አይልም።

ሕግ የለም እንዴ? ሞልቶ! በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ከጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት አለው ይላል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጣ፣ ኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም. የራሷን አወጀች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 658 ቀለብ የመስጠት ግዴታውን ያለ በቂ ምክንያት እንቢ ያለውን እስከ እስራት ያስቀጣል። ሕጋችን ወፍራም ነው። ቢበላ ያጠግብ ነበር።

አምቦ ገበያ ውስጥ ያገኘኋት ሌላይቱ እናት ፍርድ ቤት ሄዳ ተፈርዶላታል። አባትየው ደመወዝተኛ ነው፤ ውሳኔው ሲሰማ ከተማ ቀየረ። ወዲያ ተከትላ ለመክሰስ የትራንስፖርቱ ብቻ የሳምንት ትርፏን ይበላል። «ፍርዱን በፌስታል ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ልጄ ግን ወረቀት አይበላም» አለችኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸ ነው።

«አገሪቱ ደሃ ናት፣ ከየት እናምጣ?» የሚል ባለሥልጣን አይጠፋም። ጌታዬ፣ ከመንግሥት ካዝና እኮ ምንም አልጠየቅንም! ለዓባይ ግድብ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከሠራተኛው ደመወዝ ሲቆረጥ የሒሳብ ሹሙ እጅ አልዛለም። አሳምሮ ቆረጠ፣ አሳምሮም አስገባ። ለግድብ መቁረጥ የሚያውቅ እጅ ለልጅ ቀለብ መቁረጥ እንዴት ያቅተዋል? ፍርዱ ከእናቲቱ ሳጥን ወጥቶ በቀጥታ ወደ አሠሪው መሥሪያ ቤት ይሂድ፤ ሰውየው ቢዛወር ውሳኔው ይከተለው። ስዊድን ውስጥ አባት ቀለብ ካልከፈለ መንግሥት ለልጁ ከፍሎ ዕዳውን ከአባትየው ይጠይቃል። እኛ እስከዚያ ለመድረስ አቅም የለን ይሆናል፤ ደመወዝ የሚከፈለውን ሰው ደመወዝ ለመንካት ግን አቅም አያንሰንም።

ደመወዝ የሌለው፣ የሞተው፣ የጠፋው አባት ልጆችስ? ለእነሱ ደግሞ የጤና መድኑና የቀበሌው መዋጮ በእጅ ብዛት ይታሰብ። ብቻዋን ለምታሳድግ እማወራ የእርሻ ወቅት ሲደርስ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጥማድ በሬ ወይም ትራክተር በተራ ይመደብላትና ከግማሽ ምርቷ ይልቅ የእርሻውን ኪራይ ትክፈል። በየገበያው አጠገብም የሕፃናት ማቆያ ይከፈት። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። እሰየው! ግን ልጅ ያላት ባለ ቢሮዋ ብቻ ናት? ማቆያ ቢኖር ኖሮ ያ ሕፃን ወንጪ አፋፍ ላይ ብርድ አይመታውም ነበር።

ወደ ወንጪ ልመለስና ላብቃ። በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» ሲባል ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ወንጪ ተመረጠች። የገበታው ፈሊጥ የመጣው ከአንድ ዓመት በፊት «ገበታ ለሸገር» ብለው አንዱን የእራት ወንበር በ5 ሚሊዮን ብር ከሸጡበት ድግስ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አደረጋት። መንገዱ አማረ፣ ማረፊያው ተሠራ። እኔ ልማት አልጠላም፤ መንገዱ ባይሠራ እኔም እንደልብ አልደርስም ነበር። ነገር ግን ለአገር ነው በተባለ ገበታ ላይ የአገሩ እናት ከነልጆቿ ደጅ ቆማ ድንች የምትሸጥ ከሆነ ገበታው የማን ነው? በዚያ ማረፊያ ለሚከፈተው ሥራ፣ ለሚቀርበው ማርና እንቁላል፣ ለሚታደለው የመሸጫ ቦታ ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ድርሻ በጽሑፍ ይታወቅ።

ስነሳ ሁለት እንቁላል ገዛኋት። መልስ የላትም ነበርና «ይቅር» አልኳት። እሷ ግን እንቢ አለች፤ ከጎረቤቷ ለምና ሳንቲሟን አምጥታ እጄ ላይ ቆጠረችልኝ።

እሷ የሰው ሒሳብ አትበላም። የእሷንስ ሒሳብ የሚቆጥርላት ማነው?