ከፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚቀድመው 72 ሰዓት

የመደፈር ጥቃት የደረሰባት ሴት ወደ ፖሊስ ስትቀርብ ከፍትሕ ጥያቄዋ ጋር ሌላ ከባድ ጥያቄም ይዛ ትቀርባለች፤ ይኸውም ጥቃቱን የፈጸመው ሰው የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ ውስጥ ይኖርበት ይሆን ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በሕግ ምላሽ ለመስጠት ከሞከሩ የአፍሪካ አገሮች አንዷ በቫይረሱ ሥርጭት ክፉኛ የተጎዳችው ደቡብ አፍሪካ ናት።

አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው የወሲብ ወንጀሎች ማሻሻያ ሕግ መሠረት ተበዳይዋ ወይም ስለ እርሷ ሆኖ የሚያመለክት ሰው፣ ወንጀሉ ከተፈጸመ በ90 ቀናት ውስጥ ተጠርጣሪው እንዲመረመር ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ዳኛው ለተጠርጣሪው ጥፋተኝነት በቂ የመነሻ ማስረጃ መኖሩንና ተበዳይዋ ለሰውነቱ ፈሳሽ ተጋልጣ ሊሆን እንደሚችል ሲያምኑ የምርመራ ትእዛዝ ይሰጣሉ። ትእዛዙን ያልፈጸመ ተጠርጣሪ በገንዘብ ወይም እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ሊቀጣ ይችላል።

ሕጉ ተጠርጣሪው ገና ጥፋተኛ ያልተባለ መሆኑንም አልዘነጋም። ውጤቱ በምስጢር የሚጠበቅ ሲሆን፣ ሆን ብሎ ለመጉዳት ይፋ ያደረገም ሆነ ምርመራውን ለማስደረግ ብቻ በክፋት ክስ የመሠረተ ሰው በወንጀል ይጠየቃል።

ይሁንና የፍርድ ቤቱ ሰዓትና የሕክምናው ሰዓት እኩል አይሄዱም። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ሥር እንዳይሰድ የሚያደርገው መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ ለ28 ቀናት ያለማቋረጥ ይወሰዳል። በአንጻሩ ምርመራው እንዲካሄድ ተጠርጣሪው መያዝ፣ ማመልከቻው ለዳኛ መቅረብና ናሙናው መወሰድ አለበት። ተጠርጣሪው ካልተያዘ ደግሞ ትእዛዙ የሚፈጸምበት ሰው አይኖርም።

በዩናይትድ ስቴትስም ተመሳሳይ ክፍተት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ የተፈረመው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከት ሕግ፣ ተበዳይ ከጠየቀች ተከሳሹ በ48 ሰዓታት ውስጥ እንዲመረመር የሚያስገድድ ሕግ የሌላቸው ክፍለ ግዛቶች ከአንድ የፌዴራል ድጋፍ 5 በመቶ እንዲያጡ ደንግጓል። ነገር ግን ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ክስ ከቀረበ በኋላ እንጂ ጥቃቱ ከተፈጸመበት ጊዜ አይደለም።

የምርመራው ውጤትም ቢሆን የመጨረሻ መልስ አይሰጥም። ተጠርጣሪው በቅርቡ ተይዞ ከሆነ ቫይረሱ በምርመራ ላይታይ ይችላል። ቫይረሱ ቢገኝበትም ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአግባቡ በመውሰዱ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ዝቅ ካለ ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ስለሆነም ውጤቱ ተበዳይዋ ከሐኪሟ ጋር ለምትወስደው ውሳኔ አንድ ግብዓት ይሆናት እንደሆነ እንጂ የራሷን ምርመራና ክትትል አይተካም።

ከዚህ አንጻር በደቡብ አፍሪካው ሕግ ውስጥ ይበልጥ ሕይወት አድን የሆነው ድንጋጌ ተጠርጣሪውን የሚመለከተው አይደለም። ያው ሕግ በ72 ሰዓታት ውስጥ ላመለከተች ተበዳይ መከላከያ መድኃኒቱ በመንግሥት ወጪ እንዲሰጥ የሚያዝ ሲሆን፣ አቤቱታውን የተቀበለው ፖሊስም ይህንን እንዲነግራት ግዴታ ጥሎበታል። የሕጉ ፋይዳ የሚለካውም በተሰጡት የምርመራ ትእዛዞች ብዛት ሳይሆን፣ ተበዳይዋ ከፖሊስ ጣቢያ ወጥታ መድኃኒቱን እስክታገኝ ድረስ በሚፈጀው ጊዜ ነው።