የሚያፈስ ጭስ ማውጫ በጊዜው ይጠገን

በኮልፌ ቀራኒዮ መንገዶች ጥቁር ጭስ እየተፉ ዳገት የሚወጡ አሮጌ የናፍጣ መኪኖችን ማየት የተለመደ ነው። ብዙ ባለንብረቶች ነገሩን የእርጅና ምልክት ነው ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው እላለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ተርቦ የሚሽከረከረው ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ግፊት ነው። ጭሱ ተርቦው ዘንድ ሳይደርስ በተሰነጠቀ ቧንቧ ወይም በተቃጠለ ጋስኬት በኩል ካመለጠ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ያንሳል፤ ናፍጣውም በሚገባ አይቃጠልም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለውና አየሩ በሳሳው ኮልፌ ደግሞ ጉድለቱ ይብሳል።

ሁለተኛም፣ ጭሱን የሚተነፍሰው ባለመኪናው ብቻ ሳይሆን መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ የሚጠብቀው ተማሪ ጭምር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የናፍጣ ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

አንዳንዶች «ጥገናው ውድ ነው» በማለት ስንጥቁን በቆርቆሮና በሽቦ ይጠቀልላሉ። ይህ ግን መደበቅ እንጂ መጠገን አይደለም። ጥላሸት ያረፈበትን ስፍራ ፈልጎ ጋስኬቱንና የዛጉትን ቡሎኖች መለወጥ፣ ነገ አዲስ ተርቦ ከመግዛት ይቀላል። ስለዚህ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደሚባለው፣ ባለመኪና ሁሉ ጉድለቱን በእንጭጩ ሊያስተካክል ይገባዋል።